ማን ብለው ገቡ?

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወጥቶ ሰበታንና ተፍኪን ያለፈ መንገደኛ ተጂ ሲደርስ የበቾ ሜዳ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ይቀበለዋል። ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ የሚበቅልበት ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ሲበረታ አዋሽ ሞልቶ የሚተኛበትም እሱው ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አራት ሰዎች የተሟገቱት ግን ስለ መሬትም ስለ ውኃም አልነበረም። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጠ መዳፍ የማይሞላ ሃርድ ዲስክ ነበር።

ዲስኩ 2 ቴራባይት ይይዛል። ከዴስክቶፑ ጋር በገመድ ተያይዟል፤ ዴስክቶፑም በቤቱ ዋይፋይ በኩል ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሼር ያደርገዋል። ውስጡ ጡረታ የወጡት የቤቱ አባወራ ሲያስተምሩ ያጠራቀሟቸው የፈተና ጥያቄዎች፣ የልጆች ሠርግ ቪዲዮ፣ ስካን የተደረጉ የድሮ ፎቶግራፎችና ባለቤታቸው በጸሐፊነት የሚይዙት የእድር መዝገብ አለ። መብራት ሄድ መጣ እያለ የዴስክቶፑን ዊንዶውስ አበላሸውና እንደገና ተጫነ። ዲስኩን ማንም አልነካውም። ከዚያ ወዲህ ግን የቤቱ ሰው ሁሉ በየፊናው ያማርራል። በመጨረሻ ከሰበታ አንድ ወጣት ቴክኒሻን ተጠራ።

መምህሩ፦ ነገሩን ባጭሩ ልንገርህ ልጄ። የእኔ ላፕቶፕ ፎልደሩን ይከፍታል፣ ያነባል፤ ሴቭ ላድርግ ስል ግን እንቢ ይላል። የሴት ልጄ ደግሞ ግማሹን ይከፍትላታል፣ ግማሹን «አክሰስ ዲናይድ» ይላታል። ታላቅ ወንድሟ ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን አዲሱን ላፕቶፕማ ጭራሽ አያስገባውም። ዲስኩ ሊሞት ነው መሰለኝ።

ቴክኒሻኑ፦ አይደለም ጋሼ። ዲስክ ሲሞት ሰው አይመርጥም። አንዱን አስገብቶ ሌላውን የሚመልስ ከሆነ ዲስኩ ጤነኛ ነው።

መምህሩ፦ እንግዲያው ቀላል ነው። «ኤቭሪዋን» በልና «ፉል ኮንትሮል» ስጥልን። ድሮም እንደዚያ ነው የሚሠራው።

ቴክኒሻኑ፦ እሰጣለሁ፤ አሁን ብሰጥ ግን ከሦስቱ ችግር የሚፈታው ምናልባት አንዱ ነው።

«ኤቭሪዋን» ላይ ምልክት አድርጎ መገላገል በየኮምፒውተር ጥገና ቤቱ የተለመደ መድኃኒት ነው። መምህሩ «ድሮ» ያሉትም ከሜዳ አልተነሣም። በዊንዶውስ 95ና 98 ዘመን ፎልደር ሲካፈል የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለፎልደሩ እንጂ ለሰው አልነበረም፤ ቃሉን ያወቀ ሁሉ ይገባል። (ዓመቶቹ ሁሉ እዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዊንዶውስ ኤክስፒ የቤት እትም ደግሞ በኔትወርክ የመጣ ሰው ማንም ይሁን ማን በ«ገስት» ስም፣ እንደ እንግዳ ነበር የሚስተናገደው። በ2009 ከዊንዶውስ 7 ጋር «ሆምግሩፕ» መጣ፤ ለቤተሰቡ አንድ የጋራ ቃል አበጀ። ማይክሮሶፍት እሱንም በ2018 ከዊንዶውስ 10 አወጣው። ሃያ ዓመት ሙሉ የቤት ተጠቃሚ «አንተ ማን ነህ?» ተብሎ ሳይጠየቅ ኖረ ማለት ይቻላል። ዛሬ በየቤቱ ለሚታየው ግራ መጋባት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው ባይ ነው ጸሐፊው።

ቴክኒሻኑ ፈቃዶቹን ከመንካቱ በፊት ዴስክቶፑ ላይ «ኮምፒውተር ማኔጅመንት» የሚለውን ከፈተ። ከግራ «ሼርድ ፎልደርስ»፣ ከሥሩ «ሴሽንስ» የሚል አለ። በዚያች ቅጽበት በኔትወርክ የገባው ማን እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ ነው፤ ዊንዶውስ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ሳለ ብዙ ሰው ከፍቶት አያውቅም።

ቴክኒሻኑ፦ ጋሼ፣ በላፕቶፕዎ ፎልደሩን ይክፈቱልኝ። አንቺም እህቴ፣ ያንቺን ክፈቺው። ጥሩ። አሁን እዚህ ሁለት ሰው ይታያል፤ አንደኛው «ገስት»፣ ሁለተኛው «ዩዘር»።

መምህሩ፦ እኔ የቱ ነኝ?

ቴክኒሻኑ፦ «ገስት» እርስዎ ነዎት።

መምህሩ፦ በገዛ ቤቴ እንግዳ!

ልጅቱ፦ እኔስ እንዴት «ዩዘር» ሆንኩ? ዊንዶውስ እንደገና ከተጫነ ወዲህ ዴስክቶፑ ላይ አካውንት የለኝም።

ቴክኒሻኑ፦ በአጋጣሚ ነው። ዊንዶውስ ሲጫን ጫኚው ለአካውንቱ የሆነ ስም ይሰጠዋል፤ እኛ አገር ወይ «ዩዘር» ነው፣ ወይ «ፒሲ»፣ ወይ የላፕቶፑን ማርካ «ኤችፒ»። ያንቺንና የዴስክቶፑን አንድ ሰው ስለጫናቸው ሁለቱንም «ዩዘር» ብሏቸው፣ አንድ ዓይነት ፓስወርድ ሰጥቷቸዋል። ላፕቶፕሽ ሲደርስ በራሱ ስምና ቃል ይሞክራል፤ ስሙም ቃሉም ስለገጠመ ዴስክቶፑ የራሱ ሰው መሰልሽው። የጋሼ ላፕቶፕ «ኤችፒ» ነው የሚባለው። በዚያ ስም የሚታወቅ ሰው ዴስክቶፑ ላይ ስለሌለና ፓስወርድ ጠያቂው ስለጠፋ በእንግዳ ስም አሳለፋቸው።

ልጅቱ፦ ፓስወርዴን ብቀይር ኖሮስ?

ቴክኒሻኑ፦ ስሙ ገጥሞ ቃሉ ሳይገጥም ሲቀር ይመልስሽ ነበር። ብዙ ጊዜ «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ምን ነካው?» የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ፎልደሩ አልተነካም፤ ሰውየው ጠዋት ላፕቶፑ ላይ ፓስወርድ ቀይሯል።

መምህሩ፦ እሺ፣ እንግዳ ነኝ እንበል። እንግዳ ማንበብ ተፈቅዶለት መጻፍ ለምን ይከለከላል?

ቴክኒሻኑ፦ ፈቃዱ ሁለት ቦታ ስለሚታይ ነው። አንዱ የግቢው በር ነው፣ ሌላው የክፍሉ። በኔትወርክ የመጣ ሰው ሁለቱንም ማለፍ አለበት። ዴስክቶፑ ፊት ተቀምጦ የሚከፍት ግን ግቢ ውስጥ ስላለ የክፍሉን በር ብቻ ነው የሚያገኘው።

የግቢው በር የተባለው በ«ሼሪንግ» ገጽ ውስጥ ያለው ፈቃድ ነው። የክፍሉ ደግሞ በ«ሴኩሪቲ» ገጽ ያለው፣ ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው የዲስክ አደረጃጀት የሚይዘው ነው፤ ይህ በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር ወጣ። ሁለቱ ሲለያዩ ጠባቡ ያሸንፋል። ክፍሉ ወለል ብሎ ተከፍቶ ግቢው ላይ «ሪድ» ብቻ ከተጻፈ፣ በዋይፋይ የመጣው ሰው አንብቦ ይመለሳል። በ«አድቫንስድ ሼሪንግ» በኩል ፎልደር አዲስ ሲካፈል ዊንዶውስ ከራሱ የሚሰጠውም ይህንኑ ነው፤ ለ«ኤቭሪዋን» ማንበብ ብቻ። ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን የቀድሞው የግቢ ፈቃድ አብሮ ጠፋ፤ ሼሩ ከአዲስ ሲሠራ ማንም ይህን ሳጥን አላየውም። መምህሩ ሴቭ ማድረግ ያቃታቸው ለዚህ ነው።

ቴክኒሻኑ ሣጥኑን ከፍቶ «ቼንጅ» በሚለው ላይ ምልክት ሊያደርግ ሲል መምህሩ እጁን ያዙት። ከሰጠህ አይቀር ሙሉውን ስጥ አሉት። ወጣቱ አላቅማማም፤ በሁለቱም ቦታ «ፉል ኮንትሮል» ሰጠ። ለምን እንዳልተከራከረ ቆይቶ ታየ።

የልጅቱ ጉዳይ ሌላ ነበር። እሷን የሚመልሷት ፎልደሮች ዴስክቶፑ ላይ ቁጭ ብለው ቢከፍቷቸውም እንቢ ይላሉ። ኔትወርክ የሚሉት ነገር ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት ነው። ራውተሩን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት የሚቀናው ሰው ይህችን ፈተና መጀመሪያ ቢያደርጋት ብዙ ድካም ታተርፍለታለች።

ልጅቱ፦ እነዚህን ፎልደሮች እኔው ነኝ የቆለፍኳቸው፤ ድሮ በስሜ። የግል ማስታወሻዎቼ ናቸው። ስሜ ያው «ዩዘር» ነበር፣ አሁንም «ዩዘር» ነኝ። ታዲያ እንዴት አያውቀኝም?

ቴክኒሻኑ፦ ዊንዶውስ ሰውን በስም አይለይም፤ ስሙ ለእኛ ዓይን የተጻፈ ነው። እሱ የሚይዘው ረጅም ቁጥር ነው፤ ኤስ-1-5-21 ብሎ ይጀምርና ይቀጥላል። ዊንዶውስ ሲጫን አዲስ ቁጥር ይወለዳል። ነይ እዪው፤ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሴኩሪቲ»። ስም መኖር የነበረበት ቦታ ላይ «አንኖውን አካውንት» ይላል፣ ከጎኑ ቁጥሩ።

ልጅቱ፦ የቀድሞዋ እኔ ናት።

ቴክኒሻኑ፦ አዎ፣ ያቺኛዋ ከአሮጌው ዊንዶውስ ጋር ጠፍታለች። ፎልደሩ ግን አሁንም እሷን ይጠብቃል።

መፍትሔው ባለቤትነትን መውሰድ ነው። በ«አድቫንስድ» ውስጥ ከ«ኦውነር» ጎን «ቼንጅ» አለ፤ በአስተዳዳሪ መብት የገባ ሰው አዲሱን ስም ይጽፋል፣ «ሰብኮንቴይነሮችንም» የሚለውን ሣጥን ይመርጣል፣ ከዚያም ፈቃዱን ከላይኛው ፎልደር እንዲወርስ ያደርጋል። ቁጥሩ በሺህ ለሚቆጠር ፋይል ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደም ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ቴክኒሻኑ እንደ ላፕቶፕ ባትሪ የሌለውን ዴስክቶፕ እያየ መብራቱ እስኪረጋ ትንሽ መጠበቁ ፈሪነት አልነበረም።

እዚህ ላይ ዊንዶውስ ራሱ የሚዘረጋት አንዲት ወጥመድ አለች። የተዘጋ ፎልደር ዴስክቶፑ ላይ ሲነካ «ለመግባት ኮንቲኒው ይጫኑ» የሚል ሣጥን ይመጣል። ሰው አንዴ ገብቶ የሚወጣ ይመስለዋል። ሣጥኑ ግን የተጫነውን ሰው ስም በፎልደሩ የፈቃድ ዝርዝር ላይ በቋሚነት ይጽፋል። በዓመት ውስጥ ዝርዝሩ ላይ የማይታወቁ ቁጥሮችና የተረሱ ስሞች ይደራረቡና ማን ምን እንደሚችል ባለቤቱም አያውቀውም።

በተመሳሳይ መንገድ ሰዎችን የሚያምታታ ሌላም ጠባይ አለ። ፋይል ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ኮፒ ሲደረግ የመድረሻውን ፈቃድ ይወርሳል። እዚያው ዲስክ ላይ ከቦታ ወደ ቦታ ቢዛወር ግን የድሮ ፈቃዱን ይዞ ይሄዳል። በአንድ ፎልደር ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ፎቶግራፎች አንዱ የሚከፈተው፣ ሌላው የማይከፈተው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የልጁ አዲስ ላፕቶፕ ነበር። ፎልደሩን ለመክፈት ሲሞከር የሚያወጣው መልእክት መምህሩን አስቆጥቷቸዋል፤ የድርጅትዎ የደኅንነት ፖሊሲ ማንነቱ ያልተረጋገጠ እንግዳ እንዳይገባ ይከለክላል፣ ይላል።

መምህሩ፦ የምን ድርጅት ነው የሚለው? እዚህ ያለው የእኔ ቤት ነው!

ቴክኒሻኑ፦ መልእክቱ የተጻፈው ለመሥሪያ ቤት ነው ጋሼ። በ2017 ሲጀመር በእንግዳ ስም መግባትን የከለከሉት በትልልቅ ድርጅቶችና በትምህርት ቤቶች እትም ላይ ነበር። በ2024 መጨረሻ የወጣው የዊንዶውስ 11 እትም፣ 24ኤች2 የሚባለው፣ ክልከላውን ወደ «ፕሮ» አመጣው። የልጅዎ ላፕቶፕ «ፕሮ» ነው። ዴስክቶፑ «በእንግዳ ስም ግባ» ይለዋል፣ ላፕቶፑ «በእንግዳ ስም አልገባም» ይላል። እንቢተኛው የመጣው እንጂ ቤቱ አይደለም።

ልጅቱ፦ ኢንተርኔት ላይ በአንዲት ትእዛዝ ይከፈታል ይላሉ።

ቴክኒሻኑ፦ ይከፈታል። ግን እንግዳ ሆኖ የገባ ሰው የሚያወራውን ኮምፒውተር እውነተኛነት ማረጋገጫ የለውም። በጎረቤት ዋይፋይ፣ በካፌ፣ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሌላ ማሽን «እኔ ነኝ ዴስክቶፑ» ቢለው ያምነዋል። ላፕቶፑ ከተጂ ውጭም ስለሚዞር እንዲዘጋ ብተወው ይሻለኛል። ለልጁ እዚህ አካውንት ልክፈትለት።

አካውንቱ ተከፈተ፤ አሁንም አልገባም። ልጁ በስልክ ሲጠየቅ ሁልጊዜ የሚያስገባውን አራት ቁጥር ነገራቸው። ያ ቁጥር ፒን ነው፤ የሚሠራው በዚያው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው፣ በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን አይሻገርም። በፒን ወይም በጣት አሻራ እየገባ እውነተኛ ፓስወርዱን የረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ጭራሽ ፓስወርድ የሌለው አካውንትም አለ። ፓስወርዱ ባዶ የሆነ አካውንት ደግሞ ዴስክቶፑ ፊት ለተቀመጠ ሰው ቢከፍትም፣ በኔትወርክ ለሚመጣ ሰው ዊንዶውስ አይቀበለውም። ቴክኒሻኑ በዴስክቶፑ ላይ ለቤተሰቡ አባላት ሁሉ በየስማቸው አካውንት፣ ለእያንዳንዱም ፓስወርድ አበጀ። ከዚያ በየላፕቶፑ «ክሬደንሻል ማናጀር» ገብቶ የተቀመጡትን አሮጌ ቃላት አጠፋ፤ ያ ካልጠፋ ላፕቶፑ ለባለቤቱ ሳያሳውቅ የድሮውን ቃል ደጋግሞ ይልካል።

ልጅቱ፦ ለጓደኞቼ ኮምፒውተሮችም እንዲህ ማድረግ እችላለሁ?

ቴክኒሻኑ፦ ትችያለሽ፤ መጀመሪያ ግን እንዴት እንደተጫኑ ጠይቂ። አንዱን ኮምፒውተር አሳምሮ ጭኖ፣ ዲስኩን እንዳለ በሌሎቹ ላይ መገልበጥ ተለምዷል። «ሲስፕሬፕ» የሚባለው ማጽጃ ካልተሠራለት የሁሉም ያ ረጅም ቁጥር አንድ ይሆናል። ለዓመታት ጉዳት አላመጣም። ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ የወጡት የዊንዶውስ 11 ማሻሻያዎች ግን ይህን ማጣራት ጀመሩ፤ ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ማሽኖች ትክክለኛ ስምና ፓስወርድ ቢሰጣቸውም አይግባቡም። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 23 ቀን 2017 መሆኑ ነው። ስንት ሰው ፓስወርዱን ደጋግሞ እየጻፈ ራሱን እንደጠረጠረ አስቢው።

የቤቱ እመቤት እስከዚህ ድረስ ከጓዳ ሆነው ይሰሙ ነበር። መዝገባቸው ሲነሣ ግን መነጽራቸውን አድርገው መጡ። የእድሩን የወር መዋጮ ያልከፈለውን፣ ለቅሶ የደረሰበትን፣ ድንኳንና ሳህን የተዋሰውን ሁሉ በኤክሴል እሳቸው ናቸው የሚይዙት።

እናትየው፦ ልጄ፣ እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። መዝገቡን ቤቱ ሁሉ ይየው፤ ሰው ሲጠይቃቸው እንዲመልሱ። መጻፍ ግን የእኔ ብቻ ይሁን። ባለፈው እሱ አንዱን ሰው «ከፍሏል» ብሎ ጽፎብኝ በጉባኤ አፍሬአለሁ።

መምህሩ፦ ከፍሎ ነበር እኮ።

እናትየው፦ ለእኔ አልከፈለም።

መምህሩ፦ ቀላል ነው። ለ«ዩዘርስ» «ዲናይ» በልባቸው፣ ለእሷ «አላው»።

ቴክኒሻኑ፦ እንደዚያ ካልን እትዬም ይዘጋባቸዋል። እሳቸውም ከ«ዩዘርስ» ውስጥ ናቸው። ክልከላና ፈቃድ አንድ ቦታ ላይ ሲጋጩ ክልከላው ያይላል። ሰውን ማስቀረት ስንፈልግ ባንፈቅድለት ይበቃል፤ ስሙ ከዝርዝሩ ከሌለ አይችልም።

ወጣቱ ፋይሉ ብቻ ከላይኛው ፎልደር እንዳይወርስ አደረገና ለሁሉም «ሪድ»፣ ለእናትየው «ሞዲፋይ» ሰጠ። አስቀድሞ ግን መዝገቡን በፍላሽ ገልብጦ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ልጅቱን ጽፈሽ ሞክሪ አላት። ሴቭ አላደርግም አላት። እናትየው ደስ አላቸው።

ቴክኒሻኑ፦ አሁን አጥፊው።

ልጅቱ፦ «በቋሚነት ላጥፋው?» ይላል።

ቴክኒሻኑ፦ አጥፊው።

ጠፋ። መጻፍ ያልተፈቀደላት ልጅ መዝገቡን ከነአካቴው አጠፋችው። እናትየው ተነሥተው ቆሙ። ቴክኒሻኑ ፍላሹን እስኪያሳያቸው ድረስ ሳሎኑ ጭር አለ።

መምህሩ፦ ይህ ምን የሚሉት ሕግ ነው?

ቴክኒሻኑ፦ ያ «ፉል ኮንትሮል» ያሉት ነው ጋሼ። በፎልደሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሰው፣ ውስጡ ያለው ፋይል ምንም ቢል የማጥፋት መብት አለው፤ መብቱ የሚመጣው ከፎልደሩ ነው። «ሞዲፋይ» ግን ያን መብት አይጨምርም። ለቤት ሰው ለመጻፍም፣ ለመቀየርም፣ የራሱን ፋይል ለማጥፋትም «ሞዲፋይ» ይበቃዋል። «ፉል ኮንትሮል» የሚጨምረው ፈቃዱን መለወጥን፣ ባለቤትነትን መውሰድንና ይህን አሁን ያየነውን ነው።

እናትየው፦ ከቆሻሻ መጣያውም የለም?

ቴክኒሻኑ፦ የለም እትዬ። በኔትወርክ የጠፋ ፋይል «ሪሳይክል ቢን» አይገባም፤ ያጠፋው ሰው ላፕቶፕ ላይም፣ ዴስክቶፑ ላይም። «በቋሚነት» ያለው ለዚህ ነው።

መምህሩ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና ሌላ ጥያቄ አነሡ። ቤት ውስጥ ሌባ የለ፣ ለምን ይህን ያህል? ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም። አምስት ሰው ባለበት ቤት ለየፎልደሩ የተለያየ ፈቃድ የሚሰፋ ሰው ወር ሳይሞላ ራሱ የሠራውን ይረሳዋል፤ ከዚያ ተናድዶ ሁሉንም ይከፍተዋል። ጸሐፊው እዚህ ላይ ከመምህሩ ጋር ነው፤ የቤት ዲስክ ሦስት ዓይነት ፎልደር ቢኖረው ይበቃዋል። ሁሉም የሚጽፍበት፣ ሁሉም የሚያነበው አንድ ሰው የሚጽፍበት፣ እና የግል።

ቴክኒሻኑን ግን የሚያስፈራው ሌባ አልነበረም። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ፋይላቸውን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ፤ የእንግሊዝ የሕዝብ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ከማሽን ወደ ማሽን የተሻገረው በአሮጌው የፋይል መካፈያ ቋንቋ፣ በኤስኤምቢ አንደኛው እትም ቀዳዳ ነው። ማይክሮሶፍት መድፈኛውን በማርች አውጥቶ ነበር፤ ያልጫነው ተጠቃ። እንዲህ ዓይነት ቫይረስ አንዱ ላፕቶፕ ላይ ሲነሣ በተካፈለው ዲስክ ላይ የሚቆልፈው ያ ላፕቶፕ መጻፍ የሚችልበትን ሁሉ ነው። የፈተና ጥያቄዎቹንና የሠርጉን ቪዲዮ ልጆቹ ማንበብ ብቻ ከቻሉ፣ ከልጆቹ ላፕቶፕ የመጣ ቫይረስም ማንበብ ብቻ ነው የሚችለው።

ይህ የፋይል መካፈያ ቋንቋ ረጅም ታሪክ አለው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአይቢኤም ባሪ ፋይገንባውም ጀመረው፤ ማይክሮሶፍት አሳደገው። በ1991 መጨረሻ ካንቤራ በሚገኘው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው አንድሩ ትሪጅል የመስመሩን ንግግር አዳምጦ፣ ዊንዶውስ ያልሆነ ማሽንም እንዲናገረው የሚያደርግ ፕሮግራም ጻፈ። ኋላ ስሙን ሳምባ አለው። ዛሬ ፍላሽ ወይም ዲስክ ሰክተው ለቤቱ የሚያካፍሉ ብዙ ራውተሮች ውስጥ የሚሠራው ይኸው ሳምባ ነው። ልጅቱ በዩኒቨርሲቲ ሊኑክስ ነክታለችና ጣልቃ ገባች።

ልጅቱ፦ እኛ እዚያ ሲቸግረን 777 እንላለን፣ ይከፈታል።

ቴክኒሻኑ፦ ያው «ኤቭሪዋን» ነው በቁጥር። አንዱ 7 ለባለቤቱ፣ ሁለተኛው ለቡድኑ፣ ሦስተኛው ለመንገደኛው። እዚያም ሁለት በር አለ፤ የሳምባው ፈቃድና የሊኑክሱ። ሳምባ ብዙ ጊዜ የራሱን ፓስወርድ ለብቻው ነው የሚይዘው፤ ሊኑክስ የሚያውቅሽ ሰው ሆነሽ ሳምባ ላያውቅሽ ይችላል። 777 ብለሽም ካልገባሽ ችግሩ እዚያ ነው።

ወጣቱ መዝገቡን መለሰው። «እድር» የሚባል ለብቻው ፎልደር ከፈተለት፤ ለቤተሰቡ ማንበብ፣ ለእናትየው «ሞዲፋይ»። ላይኛውን ፎልደር ከ«ፉል ኮንትሮል» አወረደው፤ መምህሩ በዚህ ጊዜ አልተቃወሙም። ልጅቱ ጽፋም አጥፍታም ሞከረች፤ ሁለቱም አልሆነላትም። «ሴሽንስ» ላይ አሁን የሚታዩት የእያንዳንዳቸው ስሞች ናቸው። መምህሩ ከራሳቸው ላፕቶፕ አንድ ጥያቄ አርመው ሴቭ አደረጉ።

መምህሩ፦ ስልኬስ? ያ ፎቶ የማይበት አፕ አሁንም «ኮኔክሽን ፌልድ» ይላል።

ቴክኒሻኑ፦ አፑ አሮጌ ነው፤ የሚያውቀው ያንን የኤስኤምቢ አንደኛውን እትም ብቻ ነው። ሰው ዴስክቶፑ ላይ እሱን መልሰህ አብራው ይልዎታል፤ እኔ አላበራም። ሌላ አፕ እንጭናለን።

እናትየው፦ ይህ ሁሉ ተደርጎ ዲስኩ ራሱ ቢወድቅስ?

ቴክኒሻኑ፦ ፈቃድ ለእሱ አይረዳም እትዬ። ሁለተኛ ዲስክ ገዝታችሁ፣ በየጊዜው ገልብጣችሁ፣ ከዚህ ቤት ውጭ ማስቀመጥ ነው። አዲስ አበባ ልጃችሁ ዘንድ ቢሆን ክረምቱም መብራቱም አያገኘውም። ኤንቲኤፍኤስ ከሆነ ግን የቤቱን ፈቃድ ይዞ እንዳይሄድ ዝም ብላችሁ ኮፒ አድርጉ፣ ከነፈቃዱ የሚገለብጥ ፕሮግራም አትጠቀሙ። አለዚያ ልጁ ጋ ሲሰካ እነዚያን የማይታወቁ ቁጥሮች እንደገና ታገኟቸዋላችሁ።

ሁለተኛውን ዲስክ ማን ይግዛ በሚለው ላይ መምህሩ ልጁ አሉ፣ እናትየው እድሩ አሉ፤ ቴክኒሻኑ የመጨረሻዋ ሚኒባስ ወደ ሰበታ ሳትሄድበት ሒሳቡን ተቀብሎ ወጣ።